የሰሜን ሸዋ ድንጋዮችን ዕድሜ የምናሰላበት ነጻ ፕሮግራም፦ ምን ይጨመርበት?

ጣርማበር

ሰላም ለሁላችሁ። ከጣርማበርና ከመገዘዝ ባዛልት፣ ከአንኮበር ገደል ኢግኒምብራይት (ከፍንዳታ ትኩስ አመድ የተጋገረ ድንጋይ) እና ከሙሽ ሸለቆ ቱፍ (የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ) የታተሙ ዕድሜዎች ወደ አንድ ሰንጠረዥ እየገቡ ነው። ስሌቱ የሚሠራው አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈው የዕድሜ ማስሊያ፣ በአይሶፕሎት-አር፣ ነው፤ ሰንጠረዡን አንብቦ የሚያቀብለው ደግሞ አጭር የአር ስክሪፕት ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው። ስለዚህ የጎደለውን መናገር ብቻ ሳይሆን ሠርቶ መጨመርም ይቻላል።

ተጨማሪ ግራፍ አያስፈልገንም። አይሶክሮኑ አለ፣ ኮንኮርዲያው አለ፣ የእርከን ሥዕሉም አለ። የሚያስቸግረው፣ ዕድሜው የተሰላበት ነገር ከዕድሜው ጋር አብሮ አለመጓዙ ነው። «21.5 ሚሊዮን ዓመት» የሚል ቁጥር በየትኛው የመበስበስ ቋሚ (የጨረራዊው ንጥረ ነገር የመበስበስ ፍጥነት)፣ በየትኛው ሞኒተር (ዕድሜው የታወቀ፣ ከናሙናው ጋር የሚለካ ማመሳከሪያ ማዕድን)፣ በየትኛው የአየር አርጎን ጥምርታ እንደወጣ ካልታወቀ፣ ከጎኑ ካለው 21.73 ጋር ማን ይቀድማል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ትልቁ ክፍተት የድሮው ፖታሲየም-አርጎን (ፖታሲየም-40 ወደ አርጎን-40 በመበስበሱ ዕድሜ የሚለካበት ዘዴ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በስታይገርና በዬገር የወጡት ቋሚዎች (ጠቅላላው 5.543 × 10⁻¹⁰ በዓመት፣ ወደ አርጎን የሚሄደው 0.581 × 10⁻¹⁰፣ የፖታሲየም-40 ድርሻ 0.01167 በመቶ) ከመለመዳቸው በፊት ብዙዎች 0.585 × 10⁻¹⁰ እና 0.0119 በመቶ ይጠቀሙ ነበር። እንደኛ አካባቢ ላለ ወጣት ድንጋይ የሁለቱ ልዩነት በቀላሉ ይወጣል፦ (0.585 × 1.19) ሲካፈል ለ(0.581 × 1.167) 1.0267 ይሰጣል። የድሮው ዕድሜ በ2.7 በመቶ ያንሳል ማለት ነው። ለምሳሌ በድሮው ስሌት 21.3 ሚሊዮን የተባለ የላቫ ፍሰት ከሙሽ ቱፍ (21.73) በኋላ የፈሰሰ ይመስላል፤ ሲለወጥ 21.87 ሆኖ ከቱፉ ይቀድማል።

ያሰብኩት፣ የታተመበት ዓመት ከ1977 በታች የሆነውን ሁሉ ስክሪፕቱ ራሱ በ1.0267 እንዲያባዛ ነው። ምን ትላላችሁ?

ባልጩት

ሐሳቡ ደግ ነው፣ በዓመት መለየቱ ግን ይጎዳል። በሁለት ምክንያት።

አንደኛ፣ እዚህ የሚሞላ ሰንጠረዥ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ይሁን ዓ.ም. ሁልጊዜ አይጻፍበትም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1981 የታተመ ጽሑፍ በእኛ 1973 ዓ.ም. ነው። ስክሪፕቱ «1973» ሲያይ የድሮ ነው ብሎ በአዲሱ ቋሚ የተሰላውን ዕድሜ እንደገና በ2.7 በመቶ ያሳድገዋል። ማንም አያውቅም፤ ቁጥሩ ጤናማ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ከ1977 በኋላም ለጥቂት ዓመታት በድሮው ቋሚ ያሳተሙ አሉ። የዓመት ወሰን እነሱን ያመልጣል። በዚያ ላይ የሶቪየት ላቦራቶሪዎች ቋሚ ከሁለቱም የተለየ ነበርና 1.0267 ለእነሱ አይሠራም።

የሚሻለው ጽሑፉን ከፍቶ ቋሚውን ማንበብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሰንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ፊደል አለ። ሰንጠረዡ ውስጥ ሦስት ዓምዶች ይግቡ፦ ወደ አርጎን የሚሄደው ቋሚ፣ ጠቅላላው ቋሚ፣ የፖታሲየም-40 ድርሻ። ባዶ ከሆኑ ስክሪፕቱ አይገምት።

በዕድሜ ማባዛቱም ለወጣት ድንጋይ ብቻ የሚያገለግል አቋራጭ ነው። ከጀማ ሸለቆ በታች ያለው መሠረተ ድንጋይ ላይ ብትሞክረው ትሳሳታለህ። ከዕድሜው ወደ አርጎን-ፖታሲየም ጥምርታ በድሮው ቋሚ ተመለስ፣ ከዚያ በአዲሱ ቋሚ ወደ ዕድሜ ና። ሁለት መስመር ኮድ ነው።

እና ያቺ የ21.3 ምሳሌህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያን ዘመን ፖታሲየም-አርጎን የስህተት ወሰኑ ብዙ ጊዜ ከ2.7 በመቶ አያንስም። ልወጣው ቁጥሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል እንጂ ፍሰቱ ከቱፉ በላይ ይሁን በታች አይወስንም። ያንን የሚወስነው ገደሉ ላይ ያለው ንብብር ነው።

ጣርማበር

ጋሼ ባልጩት፣ ልክ ነዎት፤ የዓመቱን ነገር ትቼዋለሁ። ሦስቱ ዓምዶች ይገባሉ፣ ዓመቱም ሁልጊዜ በእ.ኤ.አ. ብቻ ይሆናል፣ የዓምዱ ስም ራሱ እንዲያ ይላል።

ለአርጎን-አርጎን (ናሙናው ሬአክተር ውስጥ ገብቶ ፖታሲየሙ በአርጎን-39 የሚለካበት ዘዴ) ግን ቋሚው ብቻውን አይበቃም፤ የሞኒተሩ ዕድሜም ያስፈልጋል። የፊሽ ካንየን ሳኒዲን የሚባለው ሞኒተር ብቻ በ28.02፣ በ28.201 እና በ28.294 ተሰልቶ ይገኛል። በ28.02 የወጣ 21.50 በ28.201 ሲለወጥ 21.64 ይሆናል። ስክሪፕቱ ሁሉንም ወደ 28.201 ቢያመጣ ይሻላል ወይስ ሁለቱንም ያሳይ?

ሚዛን

ሁለቱንም ያሳይ። የታተመው ቁጥር ከፋይሉ መጥፋት የለበትም፤ የተለወጠው በሌላ ዓምድ፣ የተለወጠበት መንገድ በሦስተኛ ዓምድ።

የሞኒተር ልወጣ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሰዎች የሁለቱን ሞኒተር ዕድሜ አካፍለው በናሙናው ዕድሜ ያባዛሉ። ሞኒተሩና ናሙናው በዕድሜ ሲቀራረቡ ችግር የለውም። የጥንት ሞኒተር ሲሆን ግን ይዛባል። ኤምኤምኤችቢ-1 ሆርንብሌንድ በ520.4ም በ523.1ም ጥቅም ላይ ውሏል። የዕድሜዎቹ ልዩነት 0.52 በመቶ ነው፤ ጄ (ናሙናው ሬአክተር ውስጥ የተቀበለውን የኒውትሮን መጠን የሚገልጽ፣ ከሞኒተሩ የሚወጣ ቁጥር) የሚለወጠው ግን በ0.60 በመቶ ነው፣ ምክንያቱም ጄ የሚከተለው ዕድሜውን ሳይሆን የቋሚውና የዕድሜው ብዜት ኤክስፖነንሻል ሲቀነስ አንድን ነው። በ520.4 የወጣ 22.00 በአቋራጩ 22.11፣ በትክክለኛው 22.13 ይሆናል። ትንሽ ናት፣ ግን አሁን የሚታተሙ የስህተት ወሰኖችም ትንሽ ናቸው።

አሁን ወደ ስህተት ወሰን ልምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነውና።

አይሶፕሎት-አር ሲያነብ የስህተቱን ዓይነት ከአራት አንዱን ይጠይቃል፦ 1 ማለት አንድ ሲግማ (አንድ መደበኛ ልይይት) በቁጥር፣ 2 ሁለት ሲግማ በቁጥር፣ 3 አንድ ሲግማ በመቶኛ፣ 4 ሁለት ሲግማ በመቶኛ። ካልነገሩት 1ን ይወስዳል። የታተሙ ሰንጠረዦች ግን ብዙዎቹ በሁለት ሲግማ ናቸው። ሁለት ሲግማውን እንደ አንድ ሲግማ ካስገባኸው ኤም.ኤስ.ደብሊው.ዲ. (ልኬቶቹ ከስህተት ወሰናቸው አንጻር ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚያሳይ፣ ወደ 1 እንዲጠጋ የሚጠበቅ ቁጥር) በአራት ይካፈላል፤ እውነቱ 3.2 የነበረው 0.8 ሆኖ ይወጣል። የተበታተነ መረጃ እጅግ የተስማማ ይመስላል፣ ፕሮግራሙም ምንም አይልም። ስለዚህ ስክሪፕቱ የስህተቱን ዓይነት ባዶ አይቀበል።

ኤም.ኤስ.ደብሊው.ዲ. ከ1 ምን ያህል ቢርቅ ይፈቀዳል የሚለውም በቁጥር ይውጣ። ግምቱ 1 ሲደመር 2 ጊዜ የ(2 ሲካፈል ለነጻነት ደረጃ) ስኩዌር ሩት ነው። ለ8 ልኬት አማካይ 2.07 ድረስ፣ ለ20 ልኬት 1.65 ድረስ። አሁን ሰው በዓይን «2 ደህና ነው» ይላል፤ ለ8 ደህና ነው፣ ለ20 አይደለም።

ሌላው ጄ ነው። የጄ ስህተት ሬአክተር ውስጥ በአንድ ጉድጓድ ለተቀመጡ የማዕድን እህሎች ሁሉ የጋራ ነው፤ ልኬት በማብዛት አይቀንስም። 10 እህል አለህ እንበል፣ እያንዳንዱ 0.5 በመቶ፣ ጄ 0.3 በመቶ። ጄን ከየእህሉ ስህተት ጋር ቀላቅለህ አማካይ ብትወስድ 0.18 በመቶ ይወጣል። ትክክለኛው መጀመሪያ ያለ ጄ አማካይ መውሰድ (0.16)፣ ከዚያ ጄን አንድ ጊዜ መጨመር ነው፦ 0.34 በመቶ። ግማሽ ያህሉን ደብቀሃል ማለት ነው። ከታተመ ሰንጠረዥ ዕድሜ ብቻ ሲገለበጥ ይህ ስህተት በብዛት ይፈጠራል፣ ምክንያቱም የየእህሉ ± ጄን ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለው ከዓምዱ ራስ ላይ ይቀራል። አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ጄ ተካቷል፦ አዎ/አይ»።

ከሰም ወንዝ

የስሌቱን እናንተ ይዛችሁታል። የፋይሉን ልናገር፣ ብዙ ሰው ከስሌቱ በፊት እዚያ ይቆማልና።

የናሙና ስም በአማርኛ ሲጻፍ («መገዘዝ-03» ዓይነት) ኤክሴል በተራው ሲኤስቪ ካስቀመጠው ስሙ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። ሲያስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ይመረጥ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ አር 4.2 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የዊንዶውስ እትሞች ዩቲኤፍ-8ን እንደ መደበኛ አይወስዱም ነበር።

ግራፉ ላይም ፊደላችን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። የአር ተራ ፒዲኤፍ ማውጫ የግዕዝ ፊደል አይችልም፤ ካይሮ በሚባለው የግራፊክስ ፕሮግራም የሚሠራው ፒዲኤፍ ወይም ኤስቪጂ ይጠቀሙ፣ ፊደሉም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይባል። ይህ ስክሪፕቱ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ቢገባ ሁሉም ሰው በየራሱ አይደክምም።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የድረ ገጹ እትም ላይ መመካት አያዋጣም። የአይሶፕሎት-አር መስኮት ራሱን የቻለ የአር ጥቅል ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኮምፒውተሩ ብራውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ጥቅሎቹን ከነተጓዳኞቻቸው በፍላሽ አኑሮ ማካፈል ይቻላል፣ ፈቃዱም ይህን ይፈቅዳል።

ሚዛን

አንድ የረሳሁት። የአየር አርጎን 40 ለ36 ጥምርታ በድሮ ሰንጠረዦች 295.5 ነው፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን 298.56 ነው። ስክሪፕቱ ሁሉንም ወደ 298.56 ይለውጥ።

ባልጩት

እዚህ ላይ አልስማማም፤ ይህ ለውጥ ሳይታሰብ ቢገባ እስካሁን ከተጠቀሰው ሁሉ የከፋ ስህተት ያመጣል።

ላቦራቶሪው አርጎን-36ን የለካው በባዶ አይደለም። ማስ ስፔክትሮሜትሩ (አይሶቶፖችን በክብደት ለይቶ የሚለካው ማሽን) ቀላሉንና ከባዱን አይሶቶፕ እኩል ስለማያይ፣ በየቀኑ ንጹሕ አየር ይለካና ከ295.5 ምን ያህል እንደራቀ አይቶ የማረሚያውን ቁጥር ያወጣል። የናሙናው 36 የታረመው በዚያ ቁጥር ነው። አሁን አንተ መጨረሻ ላይ የአየሩን ድርሻ ስትቀንስ ብቻ 298.56 ካስገባህ፣ ማረሚያው በ295.5፣ ቅነሳው በ298.56 ይሆናል። ሁለት የተለያየ አየር ማለት ነው።

መጠኑን ተመልከት። ከአርጎን-40ው 90 በመቶው ከመበስበስ የመጣ ሳኒዲን ከሆነ ዕድሜው 0.1 በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ ማንም አይጎዳም። ግን ግራውንድማሱ (ትላልቆቹን ማዕድናት ያቀፈው ደቃቅ ክፍል) የተለወጠ፣ 10 በመቶ ብቻ የመበስበስ አርጎን ያለው ባዛልት ውሰድ። የአየሩ ድርሻ ከ0.900 ወደ 0.909 ይወጣል፣ የቀረው ከ0.100 ወደ 0.0907 ይወርዳል። ዕድሜው በ9.3 በመቶ ወደቀ። 22 የነበረው 20 ሊሆን ነው፣ ያውም ድንጋዩ ላይ አንድም አዲስ ነገር ሳይለካ።

ሁለቱንም በአንድ ላይ ብትለውጣቸው ግን፣ የናሙናው 40 ለ36 ጥምርታም በዚያው 1.04 በመቶ ያድጋል፤ የአየሩ ድርሻ ባለበት ይቆያል። 40 ለ39ኙ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ሞኒተሩም በዚያው ማሽን ስለተለካ እሱም አብሮ ይንቀሳቀስና ይጣፋል። ዕድሜው ከሞላ ጎደል አይነካም።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ ጥሬ ልኬቱ ካለ ሁሉም እንደገና በ298.56 ይታረም፤ ጥሬ ልኬቱ ከሌለና የታረመ ጥምርታ ብቻ ካለ፣ ላቦራቶሪው የተጠቀመበት 295.5 እንዳለ ይቀመጥ። አይሶፕሎት-አር ውስጥ ይህ ቁጥር ቅንብሩ ላይ ስለሚቀየር ለየጽሑፉ መቀየር ይቻላል። መጥፎው ለሁሉም አንድ አድርጎ መተው ነው።

ሚዛን

ተቀብያለሁ። ቅነሳውን ብቻ አይቼ ነው የጻፍኩት፤ ያለ ማረሚያው መቀየር አይገባም። እንግዲያው «የአየር ጥምርታ በማረሚያው» እና «የአየር ጥምርታ በቅነሳው» ሁለት ዓምድ ይሁኑ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ስክሪፕቱ ይቁም። ይህ በትክክል ማሽን ሊይዘው የሚችል፣ ሰው የሚያልፈው ስህተት ነው።

በዚሁ አይሶክሮንን (ነጥቦቹ በአንድ መስመር ተገጥመው ዕድሜው ከተዳፋቱ የሚወጣበትን ግራፍ) ላንሳ። 39 ለ36ን በአግድም፣ 40 ለ36ን በቁም ስታደርግ ሁለቱም በአንዱ ትንሽ 36 ስለሚካፈሉ ስህተታቸው ተያይዞ ይሄዳል። 36 በ2 በመቶ፣ 39ና 40 በ0.2 በመቶ ቢለኩ ዝምድናው 4 ሲካፈል ለ4.04፣ ማለትም 0.99 ነው። ዓምዱን ባዶ ትቶ ዜሮ ማስገባት ቀጭኗን ረጅም የስህተት ሞላላ ድቡልቡል ያደርጋታል፤ የዮርክ መስመርም (የሁለቱንም ዘንግ ስህተት እያገናዘበ የሚገጠመው) ተዳፋቱን በሌላ ቦታ ያገኘዋል። ዝምድናው ካልታተመ ከሦስቱ ስህተቶች በዚህ መንገድ ይሰላ፤ ዜሮ አይደረግ።

የዚርኮን ነገር

ስለ ሙሽ። የታተመው የዚርኮን ዕድሜ 21.73 ± 0.03 ነው። የስህተት ወሰኑ ይህን ያህል ሲጠብ ቀድሞ የማይታዩ ነገሮች መታየት ይጀምራሉ፣ ነጻ ፕሮግራም ላይ ዩራኒየም-እርሳስን የምትሠሩ ሁሉ ይህችን አትለፏት።

ዚርኮን ሲያድግ ቶሪየምን ይገፋል። ስለዚህ ከዩራኒየም-238 ወደ እርሳስ-206 በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቶሪየም-230 መጀመሪያ ይጎድላል፤ እርሳሱ ያንሳል፣ ዕድሜው ወጣት ይመስላል። የቶሪየም-230 ግማሽ ዕድሜ 75.6 ሺህ ዓመት ነው፣ አማካይ ዕድሜው 109 ሺህ። የዚርኮኑ ቶሪየም-ዩራኒየም ጥምርታ ከማግማው አንድ አምስተኛ ከሆነ የሚጨመረው 109 ሺህ ጊዜ 0.8፣ ማለትም 87 ሺህ ዓመት ነው። ይህ 0.087 ሚሊዮን ከ0.03 ጋር ሲተያይ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። አይሶፕሎት-አር ማረሚያውን ይሠራል፣ ግን መምረጥ አለብህ፤ የማግማውን ጥምርታም አንተ ነህ የምትሰጠው። ሰንጠረዡ ውስጥ «ቶሪየም ታርሟል፦ አዎ/አይ፣ የማግማ ጥምርታ ስንት» ይግባ። አንዱ ታርሞ ሌላው ሳይታረም ጎን ለጎን ከተቀመጡ የሚታየው የጊዜ ልዩነት የኬሚስትሪ ልዩነት ነው።

የዩራኒየም 238 ለ235 ጥምርታም 137.88 ይሁን 137.818 ይጻፍ። ከእርሳስ-206 ለዩራኒየም-238 ጥምርታ የሚወጣውን ዕድሜ ብዙ አይለውጥም፤ ከእርሳስ-207 ለእርሳስ-206 የሚወጣውን ግን ይለውጣል።

የተጣሉ እህሎችን በተመለከተ፦ ፕሮግራሙ ከአማካዩ የራቀውን እህል በራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል። ለሰሜን ሸዋ ቱፍ ይህን አልመክርም። ፍንዳታው ከሥሩ ያለውን የቆየ ኢግኒምብራይት ቦጭቆ ሊያመጣ ይችላል፤ የተቦጨቀው በጥቂት መቶ ሺህ ዓመት ብቻ የሚበልጥ ከሆነ ስታትስቲክሱ አያየውም፣ አማካዩን ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በአንጻሩ እርሳሱን ያጣ እህል ወጣት ሆኖ ይወጣል። እህሉ ለምን እንደወጣ ሰው ይጻፍ፣ የወጣውም ከፋይሉ አይሰረዝ፤ «አልተቆጠረም» የሚል ምልክት ይደረግበት።

ጣርማበር

እስካሁን የተስማማንበት ገብቷል። መፈተኛ የሚሆኑ ቁጥሮችን አስቀምጫለሁ፤ ማንም ስክሪፕቱን ሲነካ እነዚህ እንደገና ይሮጣሉ፦

የመበስበስ አርጎን-40 ለፖታሲየም-40 ጥምርታ 0.0012860፣ በ1977ቱ ቋሚ → 22.00
በ28.02 የወጣ 21.50፣ ወደ 28.201 → 21.64
በኤምኤምኤችቢ-1 520.4 የወጣ 22.00፣ ወደ 523.1 → 22.13 (22.11 ከሰጠ አቋራጩ ተመልሷል)
የማረሚያ 295.5፣ የቅነሳ 298.56 → ስሌት የለም፣ ማስጠንቀቂያ
የስህተት ዓይነት ባዶ → ስሌት የለም

ሚዛን

አንድ ፈተና ጨምርበት፣ ለቀን። አይሶፕሎት-አር ቀን አያይም፤ ጥሬውን አርጎን የሚያርመው ከሱ በፊት ያለው ፕሮግራም ነው፣ ጥፋቱም እዚያ ይገባል። ሬአክተር ውስጥ ከካልሲየም የሚፈጠረው የአርጎን-37 ግማሽ ዕድሜ 35.1 ቀን ነው። «03/07» አንዱ መጋቢት 7 ሌላው ሐምሌ 3 እያለ ቢያነበው (በፈረንጁ ወር ማለቴ ነው) 118 ቀን ይሳሳታል፤ አርጎን-37 በ10.3 ይባዛል። ካልሲየም የበዛበት ፕላጂዮክሌዝ የሚባል ማዕድን ላይ የ36ም የ39ም ማረሚያ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ሁለቱም ዕድሜውን ወደ ሽማግሌነት ይገፉታል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ቢገባ ግን 6 ሰዓት ነው፣ በአርጎን-37 ላይ ግማሽ በመቶ፤ ያን ያህል አያሰጋም። ቀኑ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ ብቻ ይጻፍ፣ ሌላው አይነበብ።

ከሰም ወንዝ

አንድ ስጋት አለኝ። ባዶ ዓምድ ባየ ቁጥር «አይሰላም» የሚል ስክሪፕት ተማሪውን ወደ ድሮው ኤክሴል ይመልሰዋል። ብዙዎቹ የድሮ ጽሑፎች ሞኒተሩን እንኳ አይጠቅሱም።

ባልጩት

እውነት ነው እህቴ። እንግዲያው ሁለት ዓይነት ባዶ ይኑር። «አልታየም» ማለት ሰንጠረዡን የሞላው ሰው ጽሑፉን አልከፈተም ማለት ነው፤ ይህ ይቁም። «አልተጻፈም» ማለት ጽሑፉ ተከፍቶ አልተገኘም ማለት ነው፤ ይህ ይለፍ፣ ግን የታተመው ዕድሜ ሳይለወጥ ይቀመጥ፣ ከጎኑም «መሠረቱ አልታወቀም» ይባል፣ በአማካይም በአይሶክሮንም አይግባ። ሥዕል ላይ ባዶ ክብ ሆኖ ይታይ።

ጣርማበር

ጥሩ፣ እንደዚያ ይሆናል። «አልታየም» እና «አልተጻፈም» ዛሬ ገብተዋል፤ የቀኑ ፈተናም እንዲሁ። የቀረው የ1977ቱን ቋሚ ያልጠቀሱ የመገዘዝ ናሙናዎችን ጽሑፍ እየከፈቱ ማየት ነው። የአንኮበሩን ክፍል የሚወስድ ካለ ይጻፍልኝ።

የዚርኮን ነገር

አንኮበርን እኔ እወስዳለሁ።